የነኬሳ መርዶ

የትምህርት ቤቱ ባለቤት «ከውጭ አገር የእንግሊዝኛ መምህር አስመጣለሁ» ብለው ለወላጆች ቃል ሲገቡ፣ ወላጆቹ በልባቸው የሳሉት ፀጉሯ የበቆሎ ጭገር የመሰለ ፈረንጅ ነበር። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻ ሩት ነኬሳ ከኬንያ መጥታ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ስትቆም፣ ከበሩ ውጭ የቆሙት እናቶች እርስ በርስ ተያዩ። «ይቺማ የእኛው ሰው አይደለችም እንዴ?» አለች አንዲቱ፣ የተታለለች ያህል ከፍቷት። እንግሊዝኛ ከቆዳ የሚቀዳ ይመስል! ነኬሳ ይህን አልሰማችም፤ ብትሰማም አይገባትም ነበር። የልጆቹን ስም እየጠየቀች በረድፍ በረድፉ አለፈች። «ኪዳነ ማርያም» የሚለው ላይ ስትደርስ ምላሷ ተሳሰረ፤ ማንም ሳይስቅባት እሷው ቀድማ ሳቀች። ልጆቹ የወደዷት ያን ቀን ነው።

ፈረንጅ ብትሆን ኑሮው ይቀልላት ነበር። ፈረንጅ አማርኛ ባይችል ማንም አይቀየመውም፤ እንዲያውም «ሰላም ነው» ያለ እንደሆነ ይጨበጨብለታል። ነኬሳ ግን መልኳ ከሰዉ መልክ ስላልራቀ የባጃጅ ሹፌሩም፣ ባለ ሱቋም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚቀመጡት እናቶችም በአማርኛ ያጣድፏታል። ግራ ገብቷት ዝም ስትል «ምን ያኮራታል እቴ!» ተብላ ትታለፋለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሥራ ስትመለስ በሯን ዘግታ አልጋዋ ላይ ትቀመጥና ታለቅስ ነበር። ይህንን ያወቁት አከራይዋ ወይዘሮ አባይነሽ ብቻ ናቸው።

ወይዘሮ አባይነሽ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አዘዞ አጠገብ ባለችው በፀዳ ከተማ ግቢያቸው ውስጥ ያሉትን ክፍሎች እያከራዩ የሚኖሩ፣ አፋቸው ቁጡ ሆዳቸው ቡቡ የሆነ ሴት ናቸው። የለቅሶውን ድምፅ ሁለት ሦስት ቀን በግድግዳው ሲሰሙ ቆዩና አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ትኩስ ሽሮ ይዘው በሩን አንኳኩ። የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም። አጠገቧ ተቀመጡ፣ አጎረሷት፣ ጉርሻው ከአፏ በላይ ሆኖ ስትታገል ሳቁባት። ነኬሳም ሽሮው አገጯ ላይ እንዳለ ሳቀች። ከዚያ በኋላ «እማማ» አለቻቸው፤ እሳቸውም «ነኬ» አሏት። ረቡዕና ዓርብ እንቁላል መቀቀሏን የተወችው ማንም ሳይነግራት ነው፤ ግቢው እየጾመ የእንቁላል ሽታ ከእሷ ክፍል መውጣቱ እሷኑ አሳፈራት።

ርእሰ መምህሩ አቶ ትዕዛዙ በበኩላቸው ስለ ኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ረዘም ያለ ማብራሪያ አዘጋጅተውላት ነበር። ትምህርት ሁለት ሰዓት ላይ ይጀመራል ማለት ለውጭ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ሊያስረዷት ጀመር ሲያደርጉ «ገባኝ» አለቻቸው። እነሱም በስዋሂሊ ሰዓትን የሚቆጥሩት ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነው። አቶ ትዕዛዙ ከደስታቸው ብዛት ማብራሪያውን ረሱት፤ በመምህራን ስብሰባ ላይም፣ በእድር ላይም፣ መንገድ ላይ ላገኙት ሰው ሁሉም «እንደ እኛው እኮ ናት!» እያሉ አወሩ። ቃሉ ፀዳን አዳረሰ። እውነትም በብዙ ነገር እንደ እኛው ነበረች። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ግን በዚህችው ቃል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እንደ እኛው የሆነን ሰው ማን ይጠይቃል?

ነኬሳ ለአባቷ የመጀመሪያ ልጅ ናት። አባቷ ሲሚዩ፣ ኬንያ ውስጥ ቡንጎማ ከተማ አጠገብ ባለ መንደር ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ደም ግፊት የሚያስቸግራቸው ሰው ነበሩ። በእነሱ ዘንድ የሞተ ሰው በዕለቱ ወደ መቃብር አይወሰድም። ልጆቹ ከያሉበት እስኪሰበሰቡ አስከሬኑ ሆስፒታል ይቆያል፤ ሳምንት ቢሆን፣ ከዚያም ቢበልጥ ግድ የለም። በሲሚዩ ቤተሰብ ደግሞ የመጀመሪያውን አፈር የሚጥለው የበኩር ልጅ እጅ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ አባቷ እስከ አውቶብሱ ሸኝተዋት፣ ቦርሳዋን አቀብለዋት፣ «ሩቅ ነሽ፤ ስሞት ግን ትመጫለሽ» ብለዋት ነበር። «እመጣለሁ» አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ስትደውልላቸው ገና ሰላምታው ሳያልቅ «አለሁ፣ አትምጪ» ይሏታል፤ ቀልዳቸው ነበር።

ይህንን ለፀዳ ሰው የነገረችው የለም። አንድ ጊዜ ልትናገር ምንም አልቀራት። ጥር ላይ ጎረቤታቸው አቶ አላምረው ጧት ሞቱና ከሰዓት በኋላ ተቀበሩ። መተማ የሚሠራው ልጃቸው የደረሰው በማግስቱ ነው፤ «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል» ተብሎ ነበር የተጠራው። ሌሊቱን ዘመድ ቤት አሳድረውት፣ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሎችና ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሄደው መርዶውን ነገሩት። ነኬሳ ከወይዘሮ አባይነሽ ጋር ለቅሶ ደርሳ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ልጁን ስታየው፣ «ለምን አልጠበቁትም?» የሚል ጥያቄ እስከ ከንፈሯ መጣ። ነገር ግን እንግዳ ናት፤ በሰው ሐዘን ላይ ምን አገባኝ ብላ ዋጠችው። ጨዋነት እንዲህም ይጎዳል።

መጋቢት ገባ። በዚያ ዓመት የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር ከቤተሰቦቿ ጋር የሚያገናኛት ተራው የስልክ ጥሪ ብቻ ነበር። በትምህርት ቤቱ ደንብ ደግሞ መምህራን ወደ ክፍል ሲገቡ ስልካቸውን ቢሮ ውስጥ ለጸሐፊዋ ለዝናሽ ይተዋሉ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ የነኬሳ ስልክ ጠራ፤ ዘጋ፤ ደግሞ ጠራ። ዝናሽ «ክፍል ውስጥ ናት» ልትል አነሣችው። የደወለው የነኬሳ ታናሽ ወንድም ባራሳ ነበር። «አባታችን ዛሬ ማለዳ አረፈ» አላት በእንግሊዝኛ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። ልክ በዚያን ጊዜ የዕረፍት ደወል ተደወለ፤ አሁን ነኬሳ እየሳቀች ልትገባ ነው። «እሺ፣ እሺ፣ እኛ እንነግራታለን! አንተ እንዳትደውልላት!» ብላ ጠረቀመችውና ስልኩን አጥፍታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ባራሳ ገና ንግግሩን አልጨረሰም ነበር። ቀብሩ ቅዳሜ መሆኑንም፣ እሷን እንደሚጠብቁም አልተናገረም። «እንነግራታለን» ያለችውን ቃል አምኖ የእህቱን ጥሪ መጠበቅ ጀመረ።

«ስልክሽ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ፤ አራዳ ገበያ ለጥገና ልከነዋል» አለቻት ዝናሽ። እያለች አለቀሰች፤ ልቅሶዋ የእውነት ነበር። ነኬሳ ትከሻዋን አቅፋ «ስልክ እኮ ነው፣ ለስልክ አይለቀስም» ብላ አጽናናቻት።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አቶ ትዕዛዙ ወይዘሮ አባይነሽንና የእድሩን ዳኛ አያ አስናቀውን አስጠሩ። አያ አስናቀው ከወገራ ወርደው ፀዳ ላይ ያረጁ፣ ስንቱን መርዶ የተናገሩ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው።

«ዛሬውኑ ብንነግራትስ?» አሉ አቶ ትዕዛዙ።

«ምነው ጌታው!» አሉ አያ አስናቀው። «ወገን በሌለበት ለብቻዋ ሴት መርዶ ይነገራል? ማን ላይ ትወድቃለች? ማንን ይዛ ታለቅሳለች? ይህ ሸጋ ነገር አይደለም።»

«ለቀብሩ ትድረስ ብየ ነው እንጂ።»

«የምን ቀብር? ጧት የሞተ ሰው ይህን ጊዜ አፈር ለብሷል።»

አቶ ትዕዛዙ አልተከራከሩም። እሳቸው ራሳቸው እናታቸው የሞቱ ጊዜ የሰሙት በሦስተኛው ቀን ነው፤ እስከዛሬም ያንን እንደ ውለታ ይቆጥሩታል።

«ለአርባው እንሸኛታለን» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «የአውሮፕላኑን እድሩ ያዋጣል፤ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ። ባዶ እጇንም አትሄድም፤ ለእናቷ ጥበብ ቀሚስ አሠፋለሁ። ለአሁኑ ግን ልጄን ሜዳ ላይ አትጣሉብኝ።»

ክፋት አልነበረበትም። ከልቤ ነው የምናገረው፣ በዚያ ቢሮ ውስጥ ለነኬሳ ክፉ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ወገን ይፈለግላት ተባለ። ደባርቅ ላይ የውሃ ጉድጓድ ከሚቆፍሩ ሰዎች ጋር የሚሠራ ዋፉላ የሚባል የአገሯ ልጅ አለ፤ ገና በዓል ላይ መጥቶ ጠይቋት ነበር። እሱ ይምጣና አጠገቧ ይቁም፣ እሑድ ጎሕ ሲቀድ እንነግራታለን ብለው ወሰኑ። የደባርቅ ስልክ በዚያ ሳምንት አይሠራም ነበር፤ ስለዚህ በአንድ የአይሱዙ ሹፌር መልእክት ላኩበት። ሞትን በመንገደኛ አፍ አይልኩትምና የተላከው ቃል «ነኬሳን ትንሽ አሟታል፣ ቶሎ ና» የሚል ነበር። ዋፉላ በማግስቱ ተነሣ። ሆኖም ከኮሶዬ ወዲያ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ተዘግቶ ስለነበር ዳባት ላይ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ታግዶ ዋለ፤ አደረ፤ ደግሞም ዋለ።

ወሬው ፀዳን በአንድ ምሽት አዳረሰው፤ ከነኬሳ በቀር ያልሰማ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው ያመኛል። በማግስቱ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ «ምን ያኮራታል» ሲላት የነበረው የባጃጅ ሹፌር ወርዶ በር ከፈተላት፤ ሒሳብም አልቀበልም አለ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያሉት እናቶች ተነሥተው ሳሟት። አቶ ትዕዛዙ ከሰዓት በኋላ ያሉባትን ክፍለ ጊዜዎች ለሌላ መምህር ሰጡላት። ስኳር ልትገዛ ስትሄድ ባለ ሱቋ ሽታዬ በላዩ ማር ጨመረችላት። የተማሪዎቿ እናቶች፣ እነዚያ በመስከረም ፊታቸውን ያጠቆሩት፣ ቆሎና አምባሻ ይዘው እየመጡ ዓይን ዓይኗን አዩዋት። ለሐዘንተኛ የሚደረገው ሁሉ ተደረገላት፤ ሐዘኑ ብቻ አልተነገራትም።

ነኬሳ ደግሞ በሕይወቷ እንደዚያ ሳምንት ተደስታ አታውቅም። በመጨረሻ ለመዱኝ፣ እኔም ለመድኋቸው አለች። ሐሙስ ዕለት ከወይዘሮ አባይነሽ ጋር ጎመን እየቀነጠሰች በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ «እማማ፣ አሁን ፀዳ አገሬ ሆነ። ለአባቴ ቅዳሜ እነግረዋለሁ» አለች። ወይዘሮ አባይነሽ ጎመኑን ጥለው ብድግ አሉ። ጭስ ገባኝ ብለው ወደ ጓሮ ዞሩ። ምድጃው አልተለኮሰም ነበር።

በቡንጎማ በኩል ባራሳ ረቡዕም ደወለ፣ ሐሙስም ደወለ። ስልኩ ዝግ ነው። አጎቶቹ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተደርድረው ይጠይቁታል። «ነግረናታል አላሉህም?» «እንነግራታለን ብለውኛል።» «ታዲያ ልጅቱ ምን ሆና ነው?» ዓርብ ማታ ትልቁ አጎት «አባቷን ለመቅበር የማትመጣ ልጅ አትጠበቅም፤ እንደ ተቀጠረው ነገ ይቀበራል» አለ። ባራሳ «እስከ ሰኞ» ብሎ ለመነ። አልሰሙትም።

ዓርብ ዕለት ነኬሳም ስልኳን ጠየቀች። «ገና ነው፣ ዕቃው ከባሕር ዳር እየመጣ ነው» አለቻት ዝናሽ። ቤቷ ስትመለስ ወይዘሮ አባይነሽን «በእርስዎ ስልክ ልደውል? አባቴ አሟቸው ነበር፤ ልቤ ፈራ» አለቻቸው። ወይዘሮ አባይነሽ እጃቸውን ኪሳቸው ላይ ጭነው፣ ስልኩን በጨርቁ ላይ እየዳሰሱ፣ «ካርድ የለኝም፣ ልጄ» አሉ። ወደ ሽታዬ ሱቅ ሄደች። ሽታዬ ገና ከሩቅ ስታያት ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ከጀርባዋ ሸሸገችና «ኔትወርክ የለም» አለች። ነኬሳ አመስግና ተመለሰች። እንዲህ ዓይነት ውሸት እኛ ዘንድ እንደ ኃጢአት አይቆጠርም፤ ሁሉም የዋሸው አዝኖላት ነው።

ቅዳሜ መንገዱ ተከፈተ። ዋፉላ አቧራ እንደለበሰ ከሚኒባስ ሲወርድ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። ዝናሽ መናኸሪያ ጠብቃ በቀጥታ አያ አስናቀው ቤት ወሰደችው። ወይዘሮ አባይነሽና አቶ ትዕዛዙ፣ ጎረቤቶችም ተሰብስበዋል፤ ለነገ ጎሕ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን አጠገቧ እንደሚቀመጥ እየተነጋገሩ ነበር። ዋፉላን አስቀመጡት፣ ውኃ ሰጡት፣ እህል እስኪቀምስ ጠበቁት። ከዚያ አቶ ትዕዛዙ ረጋ ብለው በእንግሊዝኛ ነገሩት።

«መቼ?» አለ ዋፉላ።

«ማክሰኞ።»

ዋፉላ ተነሣ። ከደባርቅ ሠራተኞች የለቃቀማትን አማርኛ ከእንግሊዝኛ እየደባለቀ «ዛሬ ቅዳሜ ነው!» ብሎ ጮኸ። «እኛ ቶሎ አንቀብርም! ልጆች እስኪመጡ ሬሳው ሆስፒታል ይቆያል! እሷ የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ እሷን ነው የሚጠብቁት! እኛ ዘንድ ቅዳሜ ነው የሚቀበረው!»

አያ አስናቀው መጀመሪያ አላመኑም። «ማክሰኞ የሞተ ሰው እስከዛሬ?» አሉ ወደ አቶ ትዕዛዙ ዞረው። የአቶ ትዕዛዙ ፊት አመድ መስሏል። ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉና መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «አምላኬ፣ ምን አደረግን?» አሉ ቀስ ብለው። ወይዘሮ አባይነሽ ግን ገና አልገባቸውም ነበር። «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ አንዱን ሲለቁ አንዱን ይይዛሉ።

ዋፉላ ዝናሽ ለነገው መርዶ ይዛው የመጣችውን የነኬሳን ስልክ ከእጇ ቀምቶ ሮጠ።

ነኬሳ ግቢው ውስጥ በፕላስቲክ ሳፋ ልብስ እያጠበች ነበር። በሩ ሲከፈት አይታው ፊቷ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ስልኳን በእጁ አየችው፣ ዓይኑንም አየችው። በቋንቋቸው ነገራት፤ ከሦስት ቃል አይበልጥም። አልጮኸችም። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ስልኩን ተቀበለችና ከፈተችው። ካልታዩት መልእክቶች መጨረሻ ላይ ያለውን ብቻ አነበበች። «ስምንት ሰዓት ላይ እናወርደዋለን። የት ነሽ?» ይላል።

ደወለች። ባራሳ ወዲያው አነሣው። ከጀርባው የብዙ ሰው መዝሙር ይሰማል።

«ነኬሳ! የት ነበርሽ? የት ነበርሽ?»

«ወርዷል?»

«አሁን እያወረዱት ነው።»

«አስቁማቸው።»

ባራሳ ሊያስቆማቸው እንደማይችል ሁለቱም ያውቃሉ። ነኬሳ መሬት ላይ ቁጢጥ አለች፣ አንድ ጆሮዋን በመዳፏ ደፈነች። «እንግዲያው ስልኩን ወደ እሱ አስጠጋልኝ፤ ላናግረው» አለች። መዝሙሩ ቀረበ። የገመዱ መፈተግ፣ የሰዎቹ «ቀስ፣ ቀስ» ማለት ተሰማት። የእናቷንም ድምፅ ለየችው። «ባባ» አለች። «ባባ፣ እኔ ነኝ።»

የግቢው በር በዚህ ጊዜ ተበረገደ። ሰዎቹ ዋፉላን ተከትለው ደርሰዋል፤ ጎረቤቶቹም ሩጫውን አይተው ከየቤቱ ወጥተዋል። ነኬሳ አፈር ላይ ቁጢጥ ብላ፣ ዋፉላ ግድግዳ ተደግፎ ሲያለቅስ አዩ። መርዶው ተነግሯል ማለት ነው። በፀዳ ደግሞ መርዶ የተነገረውን ሰው ለብቻው ዝም ብሎ እንዲቀመጥ መተው ነውር ነው፤ አባቷ እንደ ውሻ ሞተ እንዴ? መጀመሪያ ደረታቸውን የመቱት ወይዘሮ አባይነሽ ናቸው። «ወይኔ ልጄን! ወይኔ አባትሽን!» ብለው ግቢውን አናወጡት። ሽታዬ ተቀበለቻቸው፤ ከእሷ ሌሎቹ ሴቶች ተቀበሉ። ከአጥሩ ውጭ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ።

ነኬሳ በነፃ እጇ አየሩን እየገፋች «ዝም በሉ!» አለች። «እባካችሁ፣ ዝም በሉ! አባቴን እያናገርሁ ነው!»

ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ባሰባቸው። ሐዘንተኛ ብዙ ይናገራል፤ የሞተውን ይጠራል፣ ያዋራል። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሽታዬ ከፊቷ ተንበርክካ እቅፍ አደረገቻት፣ ስልኩን ከጆሮዋ ላይ ቀስ አድርጋ ወስዳ በጉያዋ ሸሸገችው። «አልቅሺ፣ እህቴ፣ አልቅሺ፤ ይውጣልሽ! ስልኩ ይቆይሽ!» እያለች በሙሉ ጉልበቷ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ነኬሳ ታገለች። በተነሣች ቁጥር ሌላ ሴት ያዘቻት፣ ራሷን እንዳትጥል ብለው እጆቿን ያዙባት። ዋፉላ ሰዉን በክርኑ ጥሶ፣ ከሽታዬ ጋር ተናንቆ ስልኩን ሲያስለቅቅ መስመሩ እንደ ተከፈተ ነበር።

መዝሙሩ አልቋል።

«ባራሳ» አለች ነኬሳ።

«አበቃ» አለ ባራሳ። «ሰዉ እየሄደ ነው።»

«አፈሩን ማን ጣለ?»

«እኔ። አጎቶች አዘዙኝ። ከዛሬ ጀምሮ ታላቅ አንተ ነህ አሉኝ፣ ነኬሳ። እምቢ ብየ ነበር። አንቺ ተነግሮሽ የቀረሽ ነው የመሰላቸው። እኔም… እኔም መስሎኝ ነበር።»

«እናቴን ስጠኝ።»

«አሁን ልታናግርሽ አልፈለገችም።»

ነኬሳ «እሺ፣ ደግ አደረግህ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ድንኳኑ ከመምሸቱ በፊት ተተከለ። አግዳሚዎቹ ተደረደሩ፤ ንፍሮ ተቀቀለ። አያ አስናቀው ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ለሚመጣው ሰው ሁሉ የሟቹን ስም ይናገራሉ፤ ወደ ውስጥ ግን አልገቡም፣ ፊቷን ሊያዩ አልደፈሩም። አይተውት የማያውቁትን የሲሚዩን ስም አልቃሿ በግጥም እያነሣች፣ መምህር ነበር፣ ደግ አባት ነበር ስትል ሰዉ ከልቡ ያነባ ነበር። በዚያ ድንኳን ውስጥ ያላለቀሰችው ነኬሳ ብቻ ናት።

ወይዘሮ አባይነሽ ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው፤ ዝናሽ በጆሯቸው ነግራቸው። ደረታቸው ከመደለቁ የተነሣ በልዟል፣ ድምፃቸው ተዘግቷል። ተነሥተው እየተደናበሩ መጡና ነኬሳ እግር ሥር ቁጭ አሉ። እግሯን ሊስሙ ሲያጎነብሱ ነኬሳ በሁለት እጇ ይዛ ቀና አደረገቻቸው።

«ልጄ፣» አሉ በሰለለ ድምፅ፣ «እኛ እኮ ብቻሽን እንዳትሰሚው ብለን ነው።»

ነኬሳ የበለዘውን ደረታቸውን በነጠላቸው ሸፈነችላቸው።

«አውቃለሁ፣ እማማ» አለች። «ብቻዬን ብሰማው ይሻለኝ ነበር።»

በድንኳኑ በር ከአዘዞ የመጡ ለቅሶ ደራሾች እየጮሁ ገቡ፤ ነኬሳም እንደ ወጉ ተነሥታ ተቀበለቻቸው።